በካልሲ የሚነዱት ሰው

ሾፌሩ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስንነሳ የቀኝ ጫማቸውን አውልቀው ከወንበሩ ሥር ከተቱት። በጓሳ ደጋ ብርድ፣ ያንን ትልቅ የመንግሥት ቪኤይት መኪና በካልሲ ነው የሚነዱት፤ የነዳጅ መርገጫውን በጣታቸው ጫፍ ብቻ እየነኩ።

"ነዳጁን በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ብለው ቆረጡልን! ይሄ ሆዳም መኪና ዳገት ላይ አራትም አይሄድ!" እያሉ መንገዱን ሙሉ ይነጫነጫሉ።

አንድ ፈረሰኛ ሲቀድመን የኔም ትዕግሥት አለቀ።

"የመንግሥት ነዳጅ አይደል እንዴ? እርስዎን ምን አንገበገበዎት?"

ወደ እኔ አልዞሩም። "አምና ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ፣ እዚሁ ዳገት ላይ ነዳጅ አለቀብኝ።"

"ተረፈች?"

ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

"ከዚያ ወዲህ ጫማው ይከብደኛል" አሉ።