እኔ ልስማልህ

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» እያለ ነበር የሚጠራው። ቅጽል ስሙ የወጣለት የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች ብሎን በትነው፣ እጃቸውን እስከ ክርን ዘይት ነክረው የሚፈልጉትን ብልሽት እሱ ጠጋ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ሁለተኛው ቫልቭ ነው፤ ሌላውን አትንኩ» ይላል። ከፍተው ሲያዩት እንዳለው ነው። ሹፌሮቹ «ይሄ ሰውዬ ሞተር ሲያቃስት ይሰማል» እያሉ ይስቁ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ የጋራዡ ሰዎች ከጓሮ ስትዝግ የኖረች፣ ክብ ክብ መብራት ያላት የድሮ የቤት መኪና «ከምትጣል ውሰዳት» ብለው ሰጡት። ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር። በገመድ አስጎትቶ ግቢው ሲያስገባት ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«መኪና ናት።»

«መኪና ነበረች በል! አንድ ሽማግሌ መች አነሰኝና ነው ሁለተኛ የምትጨምርልኝ?»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። እሱ የተበላሸ መኪና ተከትሎ አገር ላገር ሲዞር፣ እሷ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ልጅ አሳደገች። አብረው የበሉት ምሳ በጣት የሚቆጠር ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲያያት፣ እንግዳ ቤት እንዳረፈ ሰው ምን እንደሚያወራት ይጠፋው ነበር። መኪናዋ መጠጊያ ሆነችው። ካርቡራተሯን በታትኖ በጥርስ ብሩሽ አጠበ። አይጥ የቆረጣጠመውን ሽቦ መዝዞ አዲስ ዘረጋ። ዝገት አንቆ የያዘውን ሞተር ዘይት እያጠጣ፣ በእጁ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እንደ እልኸኛ በሬ አባብሎ አላቀቀው።

አንድ ጠዋት ሞተሩ ተነሣ። ግቢው በጭስ ተሞላ። ጆሮ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ ቆመ። «አየሽልኝ? እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው!»

ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ሚስቱ ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። አፏ ሲንቀሳቀስ አየ።

«ምን አልሽ?»

እጇን ወደ ሞተሩ እያወናጨፈች ቀረበችው። «አጥፋው! እንዲህ እየተደበደበ እንዴት ዝም ትለዋለህ?»

አጠፋው። «ምኑ ነው የተደበደበው?» አላት።

ያን ጊዜ ነው የገባት። የያዘችውን አንሶላ ባልዲው ውስጥ ለቀቀችው። ደክሞኛል እያለ ሬዲዮ መክፈት የተወው፣ እያነጋገረችው ከንፈር ከንፈሯን የሚያየው፣ ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይቶ የሚስቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ከኔም ትደብቃለህ?»

«ጆሮ የተባለ ሰው አልሰማም ቢል ምን ይባላል?» አለና አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ ግን ጠረገው።

እሷም ሣጥን ስባ ጎኑ ተቀመጠች። ፊቱን በአገጩ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው፣ ከንፈሯን እንዲያይ። «በል አስነሣት። እኔ ልስማልህ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። እሱ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፤ እሷ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። የመካኒክ ቋንቋ አታውቅም፤ የምታውቀውን ትናገራለች።

«እዚህ ጋ ክዳኑ ያልገጠመ ድስት ሲፈላ ነው የሚመስለው። ተክ፣ ተክ፣ ተክ።»

«ቫልቭ ነው። ሰፍቶበታል።»

«ይሄኛው ደግሞ… አልቅሶ አልቅሶ የተኛ ሕፃን ሲቃ ሲይዘው አይተህ የለ? ሰላም ብሎ ይቆይና ሕቅ ይላል።»

«አንዱ ካንዴላ እሳት አይሰጥም ማለት ነው።» ፈትቶ ሲያወጣው ጥላሸት በልቶታል። ለሷ እያሳየ እንደ ልጅ ሳቀ። እሷም «ታዲያ እስከ ዛሬ ደመወዙን ስትበላ የኖርከው በዚህ ነው? ይሄማ ለኔ ምን አለው!» አለችው።

አንዳንዴ በነገሩ ይጣሉ ነበር። እሷ «ይፏጫል» ስትል እሱ «ማፏጨት ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ ማንቆርቆሪያ ነው ወይስ እንደ ጎረምሳ?» ይላታል፤ እሷም እየሳቀች እንደገና ታዳምጣለች። ወጣት ሆነው ያላወሩትን ወሬ ያን ጊዜ አወሩት። ወንበሮቹን ከደንበኛ በተረፈ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ አለበሰቻቸው። ታናሽ እህቷ ራቅ ብሎ ካለ ሐይቅ ዳር ትኖራለች፤ ሚስቱን አውቶቡስ ስለሚያዞራት፣ እህቷን ካየቻት ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«ስትጨርሳት እህቴ ጋ ትወስደኛለህ» ትለው ነበር። «እግሬን ዘርግቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ። እንዳትቸኩልብኝ ደግሞ።»

መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሞተሩ ሲሞቅ ይመጣል። ካቻቢቴውን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ሩቅ ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሰው በተረከዙ ሲሄድ ከሥር ሆነህ ስትሰማው፣ እንደዚያ። ዱም… ዱም።»

ጆሮ ፊቱ ተለወጠ። «ከሆዷ ነው። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ተበልቷል።»

«ክፉ ነው?»

«ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። ደግነቱ ሰማሽው።»

በማግስቱ መኪናዋን በእንጨት ደግፎ ከሥሯ ገባ። ሚስቱ ቁርስ ሳትበላ ነበር የዋለችው። «ደረቴን ያዝ አደረገኝ፤ ጋደም ልበል» ብላው ገብታለች። እሱም «ተኚ፤ ዛሬ የጆሮ ሥራ የለም» ብሏት ነበር። በጀርባው ተኝቶ የዘይቱን ቋት ብሎን በብሎን ሲፈታ ልቡ ደስ ብሎት ነበር።

ድንገት ከመኪናው ሥር የሰው ጫማ አየ። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው የጡረተኛው መምህር ጫማ ነው፤ እየሮጠ አለፈ። ቀጥሎ ባዶ የሴት እግር፣ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም ወደ ቤቱ። እየተንፏቀቀ ወጥቶ፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሲደርስ፣ ሚስቱ በአልጋውና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። አንድ እጇ ደፉ ላይ ደርሷል። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሰው እየሳሳ ሲሄድ፣ ጆሮ መምህሩን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

«ያን ቀን በምን አውቀህ መጣህ?»

«እንዲሁ… ላያችሁ ብዬ ነበር።»

«እየሮጥክ?»

መምህሩ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር።

«ጠርታኝ ነበር?»

«የለም፣ ኧረ የለም ወንድሜ።»

ከንፈሩ «የለም» ይላል፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። መስማት ከተወ ወዲህ ጆሮ የሰው ፊት ማንበብ ለምዷል።

«ደጋግማ ነው የጠራችኝ?»

መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጆሮ ሌላ አልጠየቀም። ተነሥቶ የመምህሩን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና ወደ ጓዳ ገባ፤ በሩን ዘጋው።

መኪናዋ ሆዷ እንደተከፈተ ክረምቱ አለፈባት። ሸራ ያለበሳት እንኳ ሌላ ሰው ነው። በሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው እየተመላለሰች ታበስልለት፣ ታጥብለት ነበር። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ «ነርቩ ነው፤ መሣሪያም አይረዳውም» አላት። ጆሮ የሐኪሙን ከንፈር አይቶ «ይሁን» ብቻ አለ። ከሷ ጋር እንዲኖር ለመነችው።

«አባዬ፣ ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ያቺን ልጨርስ» አላት፤ በመስኮቱ ሸራውን እያሳያት።

ዳግም ከሥሯ ለመግባት አቅም ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። በገባ ቁጥር ዓይኑ ወደ ሰው መሄጃው ይሄድበታል፤ አንድ ጫማ ባየ ቁጥር እየደነገጠ ይወጣል። የተበላውን ኩሽኔታ በጣቱ ዳስሶ አገኘው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረው። ቀይሮ፣ ዘግቶ፣ ዘይት ሞልቶ አስነሣት። ልጁን ጠርቶ ካቻቢቴውን ጆሮዋ ላይ አስያዛት።

«ምን ይላል?»

«ይጮኻል።»

«እንዴት ነው የሚጮኸው? ምን ይመስላል?»

«እንዴ አባዬ! ሞተር ነዋ የሚመስለው!»

ሳቀ። ከእናቷ ሞት ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሷም አብራው ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ተለወጠ። ግንባሩን የሞተሩ ክዳን ላይ ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ ልጅቱ ካቻቢቴውን እንደያዘች ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ቆማ ቀረች።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሐይቁ ሄዱ። ልጅቱ ከኋላ ልትቀመጥ ስትል «ነይ ፊት፤ ወንበር እኮ ለመቀመጫ ነው» አላት። መስኮቱን ግን ራሱ ወርዶ ከፈተው። እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ የመኪናዋን መንቀጥቀጥ በመዳፉ እያዳመጠ፣ ቀስ ብሎ ነዳ። አላስቸገረችውም።

ታማ ለቀብሩ መድረስ ያልቻለችው የሚስቱ እህት እየሮጠች ወጥታ በሩን ከፈተች። አቅፋው አለቀሰች፤ እያለቀሰች ታወራለች። ጆሮ ወደ ልጁ ዞር ሲል፣ ልጅቱ የመኪናውን በር እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። ቀለሟ ጠፍቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ… ድምፅዋ።»

«ምን ሆነ ድምፅዋ?»

«የእማዬ ነው። ቁርጥ የእማዬ።»

ጆሮ ረስቶት ነበር። ወጣት ሳሉ ሁለቱ እህትማማቾች ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በስልክ እያምታቱት ይጫወቱበት ነበር። የሚስቱን እህት ትከሻ ይዞ ትንሽ ራቅ አድርጎ አያት።

«በይ እስቲ ተናገሪ» አላት።

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን። ቅረቢና ተናገሪ።»

ጎንበስ ብሎ የተሻለውን ጆሮ አቀረበላት። ተናገረች። ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ አንዳንዴ ቆም እያለች፣ እንባዋን እየዋጠች። ትኩስ ትንፋሿ ጆሮው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱ እስኪያመው ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

ስትጨርስ ከንፈሯን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ» አላት።

ልጅቱ ዘወር ብላ ውኃ ውኃውን አየች። ጆሮና የሚስቱ እህት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ደረጃውን እየተደጋገፉ፣ ወደ ቤት ገቡ።