እማማ ሀሚዳ ፌስታል መሸጥ ካቆሙ በኋላ

እማማ ሀሚዳ በሰቆጣ ገበያ፣ ከበርበሬ ተራው ጥግ ተቀምጠው ለብዙ ዓመት ፌስታል ሸጠዋል። ባላቸው ከሞቱና አንድ ልጃቸው ያሲን ሳውዲ ከሄደ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። ገበያው ግን ያናግራቸው ነበር። ፌስታል ሊገዛ የቆመ ሁሉ ጤናቸውን ይጠይቃል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። ያሲን እየደወለ ሥራውን ይተዉ ሲላቸው እንቢ ያሉት ለዚህ ነበር።

ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ መውጣቱን የሰሙት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። የሚሸጥ እንደሚቀጣ ተነገረ። አንዲት ሴት ተነሥታ ላሟ ፌስታል ውጣ እንደሞተችባት ተናገረች። እማማ ሀሚዳ አንገታቸውን ደፉ። የቀራቸውን ፌስታል አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

ባለ ሱቋ ጎረቤታቸው ዓሲያ አሰበችላቸው። አቡጀዲ አምጥታ የገበያ ቦርሳ እንዲሰፉላት ጠየቀቻቸው፤ የምትሸጠው እሷ ናት። ሥራው ከፌስታሉ የተሻለ ነበር። ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ጭር ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት ዓሲያ የተሰፋውን ልትወስድ ስትመጣ፣ እማማ ሀሚዳ ሊመልሱላት ቢሉ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ከጧት ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

"አሞዎታል እንዴ?" አለቻቸው።

"አላመመኝም። የማናግረው ሰው ጠፍቶብኝ ነው።"

በገበያ ቀን ጨርቃቸውንና መርፌያቸውን ይዘው የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ግን መያዣውን ከቤቱ ይዞ መጥቷል፤ እሳቸው ዘንድ የሚያቆመው ጉዳይ የለም። ራሳቸው የሰፏቸው ቦርሳዎች በሰው እጅ ሆነው በፊታቸው አለፉ። አንዳንዱ ከሩቅ እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸው።

ሊነሡ ሲሉ የሻሽወርቅ የምትባል ከደሃና ወረዳ የመጣች ሴት ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ይዛ መጣች።

"ይጠግኑልኛል? አገሬ ሩቅ ነው።"

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሏት።

ስለ ገብሱ ጠየቋት። እሷም አዲስ አበባ ስለሄደችው ልጇ አወራቻቸው፤ ልጅቷ ከደወለች መክረሟን ነገረቻቸው። እማማ ሀሚዳ እያዳመጡ፣ ባጭር የሚያልቀውን ስፌት እየፈቱ እንደገና ሰፉት። የሻሽወርቅ አይታለች፤ ግን አላስቸኮለቻቸውም።

ከእሷ በኋላ ገበያው እስኪበተን ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ገበያ ግን እማማ ሀሚዳ እዚያው ነበሩ።