ፈትለወርቅ የመረጠችው የፏፏቴ መንገድ

ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ ፈትለወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። መንደርተኛው ሠርግ ሲጠራም ሆነ ለጠበል ሲነሣ መንገድ የሚጠይቀው እሷን ነበር። የትኛው ወንዝ እንደጎደለ፣ የትኛው ዳገት ጥላ እንዳለው፣ ስንቅ የት ቢፈታ እንደሚሻል ታውቃለች። ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም። ታስብና አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃሏን አትለውጥም።

እንዲህ የምትታመነው ሴት የተሳሳተችው ለገዛ አማቷ ባወጣችው መንገድ ነው።

አማቷ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቆብ ደፍተው ከልጃቸው ከሞላና ከሚስቱ ከፈትለወርቅ ጋር ይኖራሉ። እግራቸው ገና ብርቱ ነው፤ የደከመው ዓይናቸው ነው። ባለፈው ፋሲካ ዶሮዎቹን በላባቸው ይለዩ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ግን የሚታያቸው ፀሐይ ደህና አድርጋ የመታችው ነገር ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ጥጥ እየፈተሉ ሳለ እንዝርቱን አቆሙና፣ "ፈትሌ፣ ያ ፏፏቴ ዛሬም ይወርዳል?" አሉ።

"የትኛው፣ እማሆይ?"

"ከስማዳ ሲያመጡኝ ያለፍኩበት።"

ከስማዳ የመጡት ሙሽራ ሆነው በበቅሎ ነው። ሙሽራ በደንቡ ከራስ እስከ እግሯ ተሸፍና ነው የምትሄድ። ፏፏቴው አጠገብ ሲደርሱ ጩኸቱ ጆሯቸውን ሞላው፤ ርጥበቱ በሻሹ ውስጥ ዘልቆ ጉንጫቸውን ነካው። ጥቂት ገለጥ አድርገው ሊያዩ ሲሉ ሚዜው እጃቸውን ይዞ፣ "ተይ፣ ነውር ነው" አላቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ መጣ፣ አዝመራ መጣ፣ ጣሊያን መጣ። ውሃ ልይ ብላ ከቤቷ የምትወጣ ሴት ደግሞ በዚያ አገር አልነበረችም። ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን የሚበቃውን መንገድ ሳይሄዱት አረጁ።

"ድምፁን አውቀዋለሁ፤ መልኩን ግን አላውቀውም" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩት።

ፈትለወርቅ በማግስቱ ለባሏ ስትነግረው ሞላ ሳቀ። "ውሃው ይሸሽሻል? እህሉ ይግባና ኅዳር ላይ ውሰጃቸው።"

"ኅዳር ላይ ውሃው ይመነምናል። የእናትህ ዓይንም እስከዚያ አይጠብቀንም።"

ሞላ ሳቁን ተወ።

የመጀመሪያው ጉዞ በአጭሩ መንገድ ነበር። ሜዳ ሜዳውን የሚሄድ፣ ድንጋይ ያልበዛበት፣ ለደካማ ዓይን የሚመች መንገድ ነው። ፈትለወርቅ የዘነጋችው መንገዱ በሦስት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለፉን ነው። እማሆይ ደግሞ ደጅ ሳይሳለሙ አያልፉም። ሚካኤል ሲደርሱ ተሳለሙ፤ የነፍስ አባታቸውን አገኙና እስኪባረኩ ቆዩ። ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ ከደጁ አጠገብ የምትኖረው የልጅነት ጓደኛቸው ብርነሽ እህቷን ቀብራ ተገኘች። ለቅሶ ሳይደርሱ እንዴት ይታለፋል? ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ዝክር ተቀምጦ ነበርና "ጸበል ጻዲቅ ሳይቀምሱ አይሄዱም" ብለው ያዟቸው።

ፏፏቴው ከገደል ስንጥቅ ነው የሚወርደው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ቀትር ሲጠጋ ገደሉ ራሱ ያጠላበታል። ሁለቱ ሴቶች ሲደርሱ ጥላው ከላይ እስከ ታች ወርዶ ነበር። እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደ ጨለማው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ደግ ነው፤ ድምፁን ሰማሁት" አሉ።

ፈትለወርቅ በሻሽ ተሸፍነው የሰሙትን እንደገና አሰምታ ልትመልሳቸው መሆኗን ስታስበው ራሷን ታዘበችው። በመንገድ ተስፋ መቁረጥ ግን አልለመደባትም። ቤት ሳይደርሱ ሌላውን ማሰብ ጀምራ ነበር።

ሌላ መንገድ አለ። ከሸንተረሩ ጀርባ ዞሮ የሚሄድ፣ ጨው ጫኞች አህያ የሚነዱበት፣ ሩቅ ግን ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ ነው። ፈትለወርቅ የማታውቀው ለእማሆይ ዓይን መስማማቱን ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻዋን ወጣች። ነጠላዋን ሁለት እጥፍ አድርጋ ፊቷ ላይ ጣለችና በድንግዝግዝ እየታያት፣ በበትር እየዳበሰች ሄደች። እግሯን ድንጋይ ሲመታት ነጠላውን ትገልጣለች፣ ድንጋዩን አንሥታ ከመንገድ ትጥላለች፣ መልሳ ትሸፈናለች።

ከፊቷ የአህዮች ኮቴ ተሰማት። ጨው የሚሸጥላት ነጋዴ ረጀብ ነበር።

"ፈትለወርቅ፣ ሞላ እያለ ለሌላ ተዳርሽ እንዴ?"

ነጠላዋን ገለጠች። "መንገድ እየሞከርኩ ነው። ለእማሆይ።"

ነገሩን ስታጫውተው ረጀብ ሳቀ። "ታዲያ አሁን ገባሽ? ጨዋ ክርስቲያኑ በየደጁ ሲሰግድ የእኔ አህዮች ቀድመው አርብ ገበያ የሚገቡት በዚህ ነው።" ቀጥሎም ከምር ሆነ። "ከዝግባው በታች ያለችው ቁልቁለት ታዳልጣለች። በላይዋ ዙሩ፤ አህያ እንኳ በላይዋ ነው የሚዞር።"

አመሰገነችውና እንዳለው በላይዋ ዞረች። ያ መንገድ እውነትም ደህና ነበር። ከሸንተረሩ ራስ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ዞራም አየች። ታች በሜዳው ሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት በየዛፎቻቸው መካከል ይታያሉ። እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የጎደለውን አሰበች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ወደ ሚካኤል ጎራ ብላ የእማሆይን ነፍስ አባት ጠየቀች።

"አባ፣ ከሩቅ መሳለም ይበቃል?"

"ይበቃል እንጂ። ድውይ ከአልጋው ሆኖ ይሳለም የለም?"

ሁለተኛው ጉዞ ጎሕ ሲቀድ ተጀመረ። ወሩ ጽጌ ስለነበረ እማሆይ ይጾማሉ፤ ፈትለወርቅ የያዘችው በቅል ውሃ ብቻ ነው። እማሆይ የመንገዱን መዞር ወዲያው ልብ አሉ።

"ፈትሌ፣ ሚካኤል አልራቀንም?"

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማሆይ።"

"ኪዳነ ምሕረትስ? ዛሬ ደወሏንም አልሰማሁ።"

"ትንሽ ነው የቀረን።"

ከሸንተረሩ ራስ ሲደርሱ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሳረፈቻቸው። ከዚያ ትከሻቸውን ይዛ አቆመቻቸውና አዞረቻቸው። "በዚህ በኩል ሚካኤል ነው።" እማሆይ እጅ ነሡ። "ይኸ ደግሞ ኪዳነ ምሕረት።" እጅ ነሡ። "ከዚያ ማዶ ጊዮርጊስ።" እጅ ነሥተው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ምራታቸው መለሱ።

"ይህን ከቤት ነው ያሰብሽው?"

"ከቤት ነው። አባንም ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ተንኮለኛ" አሉ እማሆይ፤ መቋሚያቸውንም ራሳቸው አንሥተው መንገዱን ቀደሙ።

ፏፏቴው ፊት ሲቆሙ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ አርፋበት ነበር። ውሃው ከገደሉ አፍ ጀምሮ ያበራል። ፈትለወርቅ ደስ ብሏት ወደ አማቷ ዞር ስትል እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ጀምረዋል። ጸሎታቸው ደግሞ አጭር አይደለም። ጥላው ከገደሉ ጫፍ መውረድ ጀምሯል።

"እማሆይ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ሚዜው የለም። ዓይንዎን ይግለጡ።"

እማሆይ ገለጡ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው ነጩን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት።

"ባዘቶ ነው። የተባዘተ ጥጥ ነው የሚመስል።" ጣታቸው ታች ሲደርስ ቆመ። "ይኸ ቀይ፣ ይኸ አረንጓዴስ ምንድነው?"

"የማርያም መቀነት ነው።"

"እሷም አለችበት?" አሉና ጸሎታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ዓይናቸው ግን እንደተገለጠ ነበር። ጥላው እስኪሸፍነው ድረስ አዩት።

ሲነሡ እማሆይ፣ "ስንቃችን ወዴት ነው?" አሉ።

"ብርነሽ ዘንድ ነው። ዳቦውን ትናንት አድርሻለሁ፤ ጾም ሲፈታ እዚያ እንቀምሳለን።"

"የብርነሽ ቤት በቤተ ክርስቲያኖቹ መንገድ አይደለም እንዴ?"

"መመለሻችን በዚያ ነው። አሁን የሚያስቸኩለን የለም፤ እንደ ልብዎ ይሳለሙ።"

ተሳለሙም። በየደጁ ላገኙት ሁሉ ስለ ባዘቶው አወሩ፤ ብርነሽም ከሐዘኗ መካከል ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ቤት ሲደርሱ ከብቶቹ ገብተው ነበር። ሞላ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

"እህ፣ ውሃው እንዴት ነበር?"

"አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ከብት ያገድክበት ቦታ አይደለም እንዴ?" አሉ እማሆይ።

"ነው እንጂ።"

"እስኪ ንገረኝ፣ የማርያም መቀነት በየት በኩል ነው የሚቆም?"

ሞላ አሰበ። ወደ ሚስቱ ቢያይ ሚስቱ አልረዳችውም።

"ሂድና እይ" አሉት እናቱ፣ ወደ ቤት እየገቡ። "መንገዱን ፈትሌ ትነግርሃለች።"