አራት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ካልጋሪ ራንድል ሰፈር፣ መንግሥት ከቤተሰብ የወሰዳቸው ልጆች የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቤቱን የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት ነው፤ ልጆቹን የሚልክልን ግን መንግሥት ነው፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው ይባላል። አብዛኞቹ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይኼ ነገር ከነከነኝ። በገዛ አገራቸው እነሱ ከቤታቸው ወጥተው፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረድኩት እኔ አሳዳጊያቸው ሆኜ ቁጭ! ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ነገሩ ውስብስብ ነው» ይሉኛል። ሁለተኛም ብጠይቅ መልሱ ያው ነበር።

ከመካከላቸው አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጓት አያቷ ናቸው። እሳቸው ታመው ሆስፒታል ሲተኙ የሚጠብቃት ሰው ጠፋ ተብሎ ተወሰደች፤ ድነው ሲወጡ ግን መመለሱ እንደ መውሰዱ አልፈጠነም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው በስተምዕራብ ካለው ለነባሮቹ ሕዝቦች ከተከለለው መኖሪያ በወንድማቸው ልጅ መኪና ይመጣሉ። ቀጠሯቸው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት፣ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ነው። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። እንዲያውም ቀድመው ይደርሱና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ሰዓቱ ሲሞላ ደወሉን ይጫናሉ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም። በእንግሊዝኛ ስማቸውን እንደ እኩያ መጥራቱ ይከብደኝ ስለነበር በሆዴ እትዬ እላቸው ነበር። ልጅቷ ከእሳቸው ጋር ፓንኬክ ካልበላሁ ብላ ቁርሷን ሳትቀምስ ትጠብቃቸዋለች። እኔም የቤቱን የቁርስ ሰዓት አሳልፌ ዝም እላታለሁ።

የእኔ ሥራ የጉብኝቱን ቅጽ መሙላት ነው፤ ጎብኚው የደረሰበት ሰዓት፣ ከልጁ ጋር ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ ፊርማ። እጄ ላይ የማስራት ሰዓት አባቴ ስሰናበተው ከእጁ ፈትቶ የሰጠኝ ናት። እሱ እንደሚያደርገው በአገር ቤት አቆጣጠር አስተካክዬ ነው የምይዛት፤ የፈረንጁን ስፈልግ በጭንቅላቴ እቀይራለሁ። ለአውቶቡሱም ለሺፍቱም አሳስታኝ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግን አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ወተት ይደፋል፣ ስልኩ ይጮሃል። እጄን ገልበጥ አድርጌ ያየሁትን ጻፍኩ። አራት ሰዓት። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ አምስት ቅዳሜ ሙሉ እንደዚያ አደረግኩ።

አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝና የአያትየው ጉብኝት እንደተቋረጠ ነገረችኝ። ለምን ብላት በታይፕ የተጻፈ ሪፖርት ሰጠችኝ። አያትየው ለጠዋት ቀጠሮ በተደጋጋሚ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ሙሉ አርፍደው እንደመጡ፣ ስለዚህም ልጅቷን ለማሳደግ ያላቸው ፍላጎት አጠራጣሪ እንደሆነ ይላል። ልጅቷ ለዘለቄታው ለሌላ ቤተሰብ ትሰጥ እንደሆነ የሚወሰንበት ስብሰባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳትና ሰዓቴን አሳየኋት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ሳቋን ዋጠችው። «ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን ብትናገሪ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።»

ፋልከንሪጅ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ብነግረው እሱ ደግሞ ከእሷ ባሰ። «ሪፖርቱ ሰብሚት ተደርጓል አይደል? በቃ ተይዋ! ገና ፕሮቤሽን ላይ ነሽ፣ ነገ ፋየር ቢያደርጉሽስ?»

«እኔ ልተወው፤ ልጅቷስ አያቷን ትተው?»

እራቱን ጨርሶ ሳህኑን ካነሳ በኋላ ነው፣ «እሺ፣ ግን ኮፒ አድርጊ። ኦሪጅናሉን ለማንም እንዳትሰጪ» ያለኝ።

በማግስቱ ለስብሰባው ላቀርበው ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬያት አምስቱንም ቅጾች ኮፒ ሳደርግ ከሰዓቱ ሥር የጻፍኩትን አነበብኩ። አምስቱም ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «ከልጅቷ ጋር ቁርስ በሉ፣ ፓንኬክ» ይላል። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ ቁርስ! ከእኔ ፊርማ ሥር የአለቃዬ፣ የልጅቷን ጉዳይ የያዘችው የመንግሥት ሶሻል ወርከር፣ የእሷ ሱፐርቫይዘርና የአካባቢው ቢሮ ኃላፊ ፊርማ አለ። አራት ሰው ፈርሟል፤ አንድ ያነበበ የለም። በዚያው ወር ከመንግሥት የመጣው ተቆጣጣሪ የማቀዝቀዣውን ቅዝቃዜ ለክቶ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቀን አይቶ ሄዷል። የጉብኝት መዝገቡ አጠገቡ ተቀምጦ አልከፈተውም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በራሴ ነበር ያፈርኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ተናደድኩ።

ለሶሻል ወርከሯ መልእክት ተውኩ፤ አልደወለችም። በእረፍት ቀኔ ሲትሬን በሚሉት የከተማ ባቡር መሀል ከተማ ወርጄ ቅሬታ የሚቀበለው ቢሮ ሄድኩ። ቅጽ አስሞልተው መልሱ በስድስት ሳምንት ይደርስሻል አሉኝ። ስብሰባው ከዚያ በፊት ነው ብላቸው አሠራሩ እንዲህ ነው አሉ። እኔም በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ ተመልሼ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ከበሩ ስገባ ስልኩን ማንሳት ጀመረች። በመጨረሻ ስብሰባው ላይ ገብቼ እንድናገር አምስት ደቂቃ ተሰጠኝ።

አያትየው ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። እያዩኝ ጥፋቴን ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ ከቃሌ በቀር ማስረጃ እንዳለኝ ስትጠይቀኝ ስለ ቁርሱ የሚለውን መስመር አምስት ጊዜ አነበብኩላቸው። አንዱ ሰውዬ ፈገግ አለ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«እኔ ተሳስቼ ጻፍኩ፤ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «እናንተ ግን የተቀመጣችሁት ለማንበብ ነው። ይህች ልጅ ሄዳ ቢሆን ማን ይጠየቅ ነበር?»

ጉብኝቱ ይቀጥል፣ ውሳኔውም ይዘግይ ተባለ። ማረሚያው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሪፖርቱ ላይ ካልተያያዘ አልወጣም አልኩ። ተያያዘ።

ኮሪደሩ ላይ አያትየውን ደርሼባቸው፣ እንደ አገሬ ወግ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሰዓቷን አሳዪኝ አሉ። እጄን ይዘው ብዙ አዩዋት።

«እናቴንም እኔንም በልጅነታችን ከቤታችን ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገቡን ስለ እኛ ብዙ የጻፉ ሰዎች ነበሩ» አሉኝ። «መጥቶ ተሳስቻለሁ ያለን ግን የለም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። «ቅዳሜ ስመጣ የምትጽፊውን አሳዪኝ» ብለው ሄዱ።

ልጅቷ ለዘለቄታው ወደ ቤቷ የተመለሰችው በረዶው ቀልጦ ዳግመኛ ከወረደ በኋላ ነው። እኔ የማልረሳው ግን ከስብሰባው ቀጥሎ የመጣውን ቅዳሜ ነው። አያትየው ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም። ቅጹን ዓይናቸው እያየ ሞላሁ። መነጽራቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ፤ ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። አለቃዬ ከበሩ ላይ ሆና ቅጹ ለቤተሰብ ፊርማ ቦታ የለውም አለች።

«ሕዳጉ ላይ ይፈርማሉ» አልኳት።

ልጅቷ ሁለት ሳህን ይዛ አጠገባችን ቆማለች። «አያቴ፣ ፓንኬኩ እኮ ቀዘቀዘ!»

«ይቀዝቅዝ» አሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ከገጹ ሳያነሱ።