የእማማ ፋጡማ ጥያቄ

መምህር ሙክታር ከረጅም ሕመም በኋላ ባለፈው ዓርብ ንጋት ላይ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። እኔ ተማሪያቸው፣ በኋላም አብሬያቸው ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ብዕር ያስነሣኝ ግን ከሐዘኑ ይልቅ ዕፍረቱ ነው።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ እናታቸው እማማ ፋጡማ አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሥራህ ምንድነው ስለው ‹ብረት አስኬዳለሁ› ይለኝና ይስቃል» አሉኝ። «እኔ ወላሂ አልገባኝም። አንተ አብረኸው ነበርክ። ልጄ ዕድሜውን በምን ጨረሰ?»

«የሶሌኖይድ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሲሙሌሽን ነው፣ እማማ፤ የተንቀሳቃሽ ክፍሎች...» እያልኩ ቀጠልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። «ደግ፣ አቦ፣ ተባረክ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሌላ ለቀስተኛ አዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

መምህር ሙክታር እንዲህ አድርገው አስረድተው አያውቁም። ክፍል የሚገቡት ከቀፊራ ገበያ የገዙትን አሮጌ የውሃ ቫልቭ ይዘው ነበር። ውስጡ ሶሌኖይድ የሚባለው የሽቦ ጥምጥም አለ፤ በጥምጥሙ መካከል ደግሞ ሞላ የሚገፋት ትንሽ የብረት ዘንግ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጥምጥሙ ዘንጓን ይስባታል፤ ሲቋረጥ ሞላው ይመልሳታል። ትምህርታችን ይህን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልቶ አስቀድሞ ማየት ነበር። እርሳቸው ግን ዘንጓን በጣታችን ሳንገፋ ኮምፒውተር አያስነኩንም። «ወዴት ትሄዳለች? የት ትቆማለች? ምን ያህል ትከብዳለች? እናንተ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ዘይነብ የምትባል የክፍላችን ልጅ ስሌቷ መጨረሻው ላይ እየተቋረጠ አስለቀሳት። እኛ ሳቅን። መምህር ሙክታር ተነሥተው ወደ ግድግዳው ተራመዱና አፍንጫቸው ሊነካው ሲል ቆሙ።

«ኮምፒውተሩ በዘንጓ ዙሪያ ያለውን አየር እየከፋፈለ ነው የሚያሰላው። ብረት ብረት ከነካ የሚከፋፈል አየር ስለማያገኝ ይቆማል። መጨረሻው ላይ ትንሽ አየር ተዪላት፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ዘይነብ ኮምፒውተሩ ላይ የዘንጓን መቆሚያ ጥቂት ወደ ኋላ መለሰችው። ዘንጓ ሄዳ በቦታዋ ቆመች። እኛም ሳቃችንን ዋጥን።

መምህሬ፣ ያን ሁሉ ዓመት አጠገብዎ ቆሜ ቃላቱን ብቻ ይዤ መቅረቴ ያሳፍረኛል። እናትዎ የጠየቁኝን እርስዎ ቢሆኑ በአንድ ጣት ይመልሱት ነበር። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፤ በሰላም ይረፉ። ቫልቩ አሁንም ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ነገ ከባትሪ ጋር ይዤው እማማ ፋጡማ ዘንድ እመለሳለሁ። ምንም ሳልናገር ዘንጓን በጣታቸው አስገፋቸዋለሁ፤ ከዚያ ባትሪውን ከጥምጥሙ ጋር አገናኛለሁ። ልጃቸው ዕድሜያቸውን በምን እንደጨረሱ እማማን የገዛ እጃቸው ይነግራቸዋል።