ከሾላው ሥር የቀዳሁት ውሃ

ጀሪካን ከቧንቧ ሥር ሲሞላ መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፤ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሲመጣ ዛሬም እዚህ ማርቆስ፣ በገዛ ጓሮዬ ውስጥ፣ እጄን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ለእነሱ ያልነገርኋቸውን ላንተ ልንገርህ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከደጀን ቁልቁል ወርጄ፣ ዓባይ ዳር ማሽላ የሚያርሱት አክስቴና ባሏ ዘንድ ሰነበትሁ። አክስቴ አልወለደችም፤ እኔን ስታይ ፊቷ ይበራ ነበር።

ባሏ አዞን እንደ ጎረቤት ያውቁታል። የደረስሁ ዕለት ወንዙ ዳር አቁመው አሳዩኝ። ግንድ የመሰለኝ ነገር ከዳር ወደ መሃል ሄደ፤ ውሃው ግን አልተረበሸም።

"እግሩን ከጎኑ ለጥፎ በጅራቱ ብቻ ነው የሚሄደው" አሉኝ። "ዐይኑንና አፍንጫውን ብቻ ያወጣል። ሲያድን እሱንም ያጠልቀዋል። የምትመጪበትን ቦታ ያጠናል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሁለት ቀን ተከታትሎ አይቀዳም።"

ውሃ መቅዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ጠጠር ያለበት ዳር ሩቅ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሾላው ሥር ግን ጥላ ነበር፤ የወደቀ ፍሬና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ያውዳል። ውሃው ጥልቅ ስለሆነ ጀሪካኑ ባንዴ ይሞላል። ሳምንት ያህል ሁለቱን ቦታ እየለዋወጥሁ ቀዳሁ፤ ከዚያ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሾላው ሥር ቀዳሁ። ምንም አላየሁም።

በአራተኛው ቀን ወባ ጣለኝ። አክስቴ ጀሪካኑን አንስታ በሩ ላይ ቆመች።

"ትናንት ከየት ቀዳሽ፣ ልጄ?"

"ከጠጠሩ" አልኋት። ፈርቻት አይደለም፤ ተቆጥታኝም አታውቅ። አፍሬ ነው።

"እንግዲያ እኔ ዛሬ ከሾላው ልቅዳ" ብላ ወጣች።

አንዳንዴ ትኩሳቱ ነው አፌን የያዘኝ እላለሁ። አይደለም። "ተይ" ማለት አንድ ቃል ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ግድግዳ የተናደ የሚመስል የውሃ ድምፅ ነበር። ከዚያ የእሷ ጩኸት። እየተንገዳገድሁ ስደርስ ባሏ ከአውድማው ሮጠው ደርሰዋል። አዞው ክንዷን ነክሶ ውሃው ውስጥ ይሽከረከራል፤ እሷ በሌላው እጇ የሾላውን ሥር አንቃ ይዛለች። ባሏ እስከ ወገባቸው ገብተው በመንሹ ዐይኑን ወጉት። ለቀቃት። ከክርኗ በታች ግን እጅ አልነበራትም።

ክንዷን በነጠላዋ አጥብቀው እያሰሩ፣ "ምን ነካሽ? ውሃውን እያወቅሽው!" አሏት፤ ያለቅሳሉ።

አክስቴ ጭቃው ላይ የቀረውን የጫማዬን ዱካ አየች። ቀጥላ እኔን አየች።

"ስንፍና ነው" አለቻቸው። "ትናንት ማታም እኔው ወርጄ ከዚሁ ነበር የቀዳሁት።"

በቃሬዛ ዳገቱን አወጧት፤ ዳነች። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በአንድ እጇ ኖረች። በሠርጌ ዋዜማ ጠጉሬን ልትሠራልኝ ተቀምጣ ሞከረች፤ ሲያቅታት ስቃ ተወችው። የዚያን የወንዙን ቀን ነገር አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም። እኔም በሚመጣው ፋሲካ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ በሚመጣው ፋሲካ እያልሁ ዓመታቱ አለፉ።

ዓምና አረፈች። በአርባዋ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ባሏ መደቡ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"የዚያን ቀን ምን ነካት?" አሉኝ። "በጠየቅኋት ቁጥር ስንፍና ነው ትለኝ ነበር። ሰነፍ አልነበረችም እኮ።"

"እኔ ነኝ" አልኋቸው። "ሦስት ቀን ከዚያው የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝ ዋሸኋት።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር።"

በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

"እንግዲያ እሷ የዘጋችውን እኔ አልከፍተውም" አሉና ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።