በአንድ ጥሪ አቤት አይባልም

ረዲ መርሳ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ጎማ ይጠግናል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሲኖትራክ ጎማ ብቻውን ፈትቶ የሚያነሳ ትከሻ አለው። ይህ ሁሉ ጉልበት ግን ከእናቱ ቃል አያስወጣውም። እማማ ሀስና ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሲነግሩት ኖረዋል። "ጉም ውስጥ ስምህ አንዴ ቢጠራ አቤት እንዳትል። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ጂን ግን አይደግምም።"

ጓደኛው በረከት ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ የማሽላ ሙከራ ይከታተላል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። ከመርሳ በላይ የተቆለለውን ተራራ በየቀኑ እያዩ፣ ጫፉን ሳይረግጡ ማርጀት ያሳፍራል ያለው እሱ ነው። ረዲ ዓመት ሙሉ ሰበብ ሲደረድር ከርሞ በመጨረሻ ሰበቡ አለቀበት። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ማሽላው እንደተሰበሰበ፣ ዳቦና ቆሎ፣ ውሃና ብርድ ልብስ በጀርባ ቦርሳቸው ሸክፈው ወጡ።

የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ብቻ ነበር። ደገኛ ገበሬ ቤት አደሩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ጫፉ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጉም መጣ። ከሰማይ አልወረደም፤ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን ዋጠ። ወፉም ንፋሱም ጭጭ አለ። ረዲ ቀስ ብሎ የእናቱን ምክር ተናገረ።

በረከት ከት ብሎ ሳቀበት። "ፈሪ ለእናቱ! እኔስ ጂንም ቢሆን ለጠራኝ አቤት እላለሁ፤ አሳዳጊ አልበደለኝም።"

ረዲ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ቀና ሲል በረከት የለም።

"አቤት!" አለ የበረከት ድምፅ ከፊቱ፣ ከነጩ ውስጥ።

ለማን ነው አቤት ያለው? ረዲ አልጠራውም። እዚያ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

"መጣሁ፣ መጣሁ!" አለ ደግሞ በረከት፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ነገር ዝም አለ።

ብዙም ሳይቆይ "ረዲ!" የሚል ጥሪ ተሰማ።

የበረከት ድምፅ ይመስላል፤ ግን ቀጥኗል፤ ደግሞም የመጣው ከእግሩ ሥር ነው። ረዲን ብርድ ወረረው። ሁለተኛውን ጥሪ ልጠብቅ ብሎ አስቦ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አላስጠበቀውም። ቁጭ አለና ሁለቱን አመልካች ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ወትፎ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመረ። ስንት ጊዜ እንደቀራ አያውቅም።

ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። በረከት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከገደሉ አፍ በታች ባለች ጠባብ መሬት ላይ ተኝቷል። እግሩ ተሰብሯል። ረዲ እየተንሸራተተ ወርዶ አቀፈው።

"ከፊቴ ሆነህ ጠራኸኝ" አለ በረከት በሹክሹክታ። "ድምፅህን ተከትዬ ነው የሄድኩት።"

"ወላሂ አልጠራሁህም።"

በረከት አላመነውም፤ ወይም ማመን ፈራ። ረዲ አዝሎ ያደሩበት መንደር ድረስ አወረደው፤ ከዚያ ገበሬዎቹ በቃሬዛ ተቀባበሉት። ወልድያ ሐኪም ቤት እግሩ በጀሶ ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን ረዲ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥለት በረከት ጠየቀው።

"ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። ግን ጓደኛውን ስለሚወድ አልዋሸም።

"ሰምቼሃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ነው የጠራኸኝ። ብትደግመው እመጣ ነበር።"

በረከት ትክ ብሎ አየው። ድምፁ ገና አልተከፈተም፤ ሲናገር ይሻክራል።

"አንድ ጊዜ?" አለ። "እስቲ ይህን ድምፅ ስማው። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው የጠራሁህ።"

ረዲ ብርቱካኑን ወደ መላጥ ተመለሰ። ጆሮውን በገዛ ጣቶቹ ደፍኖ እንደነበር እስከ ዛሬ ለበረከትም፣ ለእናቱም አልተናገረም።